ያገለገለ የብረት ባንድሶው፦ እንዴት እንግዛው፣ እንዴትስ እናስተካክለው?

በግቢው ብረት የሚሠራ ሰው መጀመሪያ የሚገዛው ግራይንደር ነው። ሥራው ሲበዛ ከተር፣ ማለትም ባለ ትልቅ ዲስክ መቁረጫ፣ ይጨምራል። ሁለቱም ይቆርጣሉ፤ ግን ብልጭታቸውና ጩኸታቸው ለመኖሪያ ግቢ አይመችም። ደሴ ላይ ደግሞ ቤቱ ተጠጋግቶ ነው የሚኖረው። ማታ ከተር ሲነሳ ጎረቤት ያለ የተኛ ሕፃን ሁሉ ይነቃል።

ባንድሶው ክንዱ ላይ ባሉ ሁለት ቸርኬዎች የሚዞር፣ እንደ ቀለበት የተያያዘ ጥርሳም ስለት ያለው የመጋዝ ማሽን ነው፤ በዝግታ ይቆርጣል። እሳት አይረጭም፣ የተቆረጠውን ጫፍም አያነደውም። 50 ሚሊ ድፍን ብረት ለመቁረጥ ከሰጌቶም ከዲስክም እጅግ ይሻላል። ሞርሳው ላይ ታስሩታላችሁ፣ ክንዱ በራሱ ክብደት እየወረደ ይቆርጣል፣ እናንተ እዚያው አጠገቡ ሆናችሁ ቀጣዩን ትለካላችሁ።

አዲሱ ውድ ነው። ያገለገለው ግን ይገኛል፤ ብዙ ጊዜም የሚሸጠው «ጠማማ ይቆርጣል» ተብሎ ነው። እኔ በጥብቅ የማምንበት ነገር አለ። ጠማማ የሚቆርጥ ባንድሶው አብዛኛውን ጊዜ አልተስተካከለም እንጂ አልተበላሸም። ማስተካከያው ቅደም ተከተል አለው። አንዱ በሌላው ላይ ነው የሚቆመው። ቅደም ተከተሉን የዘለለ ሰው ቀኑን ሙሉ ብሎን ሲፈታና ሲያጠብቅ ይውላል።

የትኛውን ዓይነት

ለቤት የሚበቃው ትንሹ አግዳሚ ባንድሶው ነው። «4 በ6» በሚባል መጠን ይታወቃል፤ ኢንች ማለት ነው። እስከ 100 በ150 ሚሊ ገደማ የሆነ ብረት ይይዛል። ስለቱ 1638 ሚሊ ርዝመት፣ 12.7 ሚሊ ስፋትና 0.64 ሚሊ ውፍረት አለው። ማሽኑ 60 ኪሎ ገደማ ይመዝናል። ታይዋንና ቻይና ውስጥ ብዙ ፋብሪካዎች በተለያየ ስምና ቀለም ይሠሩታል፤ አካሉ ግን በጣም ተመሳሳይ ነው። ይህ ለእኛ ጥሩ ነው፤ የአንዱ ስለት ለሌላው ይሆናል። ክንዱን ቀጥ አድርጎ ማቆምም ይቻላል። ያኔ ላሜራ በእጅ እየገፉ ቅርጽ ለማውጣት ያገለግላል።

አንድ ነገር አደራ። የእንጨት ባንድሶው ርካሽ ስለሆነ ብቻ ለብረት ብላችሁ እንዳትገዙ። የእንጨቱ ስለት በደቂቃ ብዙ መቶ ሜትር ይሮጣል። ለብረት የሚፈለገው ከ20 እስከ 60 ሜትር ብቻ ነው። በዚያ ፍጥነት ብረት ላይ ያሳረፋችሁት ስለት ወዲያው ጥርሱ ይቃጠላል። ፑሌጃ በመቀየር ብቻም አይፈታም፤ ፍጥነቱን የሚሰብር የጥርስ ሳጥን ያስፈልገዋል።

የት ይገኛል

ኮምቦልቻ የፋብሪካ ከተማ ናት። ጨርቃ ጨርቁ፣ ብረታ ብረቱ፣ ቢራው፣ ከ2009 ዓ.ም. ወዲህ ደግሞ ኢንዱስትሪ ፓርኩ አለ። ፋብሪካ ባለበት የጥገና ክፍል አለ፤ የጥገና ክፍል ባለበት አንድ ቀን የሚወገድ ማሽን አለ። ስለዚህ የጨረታ ማስታወቂያ ተከታተሉ። ጨረታ ላይ ንብረቱ ባለበት ሁኔታ ነው የሚሸጠው። ካሸነፋችሁ በኋላ ቅሬታ የለም። ለዕይታ የተፈቀደውን ቀን ሳታዩበት እንዳታሳልፉት።

ሌላው ምንጭ ቶርኖ ቤትና ሥራ የቀየሩ የብረታ ብረት ማኅበራት ናቸው። ደሴም ሆነ ወልድያ ላይ ቶርኖ ቤት ገብታችሁ «ቆሞ የቀረ መጋዝ አላችሁ ወይ?» ብላችሁ ጠይቁ። ጥግ ላይ አቧራ የጠጣ ማሽን ብዙ አለ። እዚህ ከጠፋ አዲስ አበባ መርካቶ ነው መንገዱ። ያኔ 400 ኪሎ ሜትር የሚሆነውን መጫኛ ከዋጋው ጋር ደምሩት።

የባለቤትነት ወረቀት ጠይቁ። በ2014 ዓ.ም. በነበረው ጦርነት ደሴና ኮምቦልቻ ውስጥ ፋብሪካም፣ የግለሰብ ወርክሾፕም ተዘርፏል። የሰው እንጀራ የነበረ ማሽን ዛሬም ከእጅ ወደ እጅ ይዞር ይሆናል። ደረሰኝ፣ የጨረታ ማሸነፊያ፣ የጉምሩክ ወረቀት፣ ከነዚህ አንዱ ይኑር። ካልሆነ በምስክር ፊት የተፈረመ ውል ያዙ። ሻጩ ስለ አመጣጡ ሲጠየቅ ከተቆጣ ትታችሁ ሂዱ። ዋጋው የቱንም ያህል ቢጥም የተዘረፈ ሰው ዕቃ በግቢያችን መዋል የለበትም።

ሻጩ ጋ ስትደርሱ

ስኳድራ፣ ቀጥ ያለ ማስመሪያ፣ የእጅ ባትሪ፣ ቺያቬዎችና አንድ ቁራጭ ድፍን ብረት ይዛችሁ ሂዱ። አስቀድማችሁም «እኔ ሳልመጣ እንዳታስነሳው» በሉት። ሞተሩ ቀዝቃዛ ሆኖ ሲነሳ ማየት አለባችሁ። «አብሽር፣ ትናንት ሲቆርጥ ነበር» ቢሏችሁም እዩት።

መጀመሪያ የሞተሩን ሰሌዳ አንብቡ። የቤታችን መብራት 220 ቮልት፣ 50 ኸርዝ ነው። ከአሜሪካ የመጣ ማሽን 110 ቮልትና 60 ኸርዝ ሊሆን ይችላል። በትራንስፎርመር ቮልቱን ታስተካክላላችሁ፤ ኸርዙን ግን ትራንስፎርመር አይቀይረውም። ሞተሩ ከተጻፈለት ፍጥነት አንድ ስድስተኛ ያህል ዝቅ ብሎ ይዞራል። ለብረት መቁረጥ ይህ ብዙም አይጎዳም፤ ሞተሩ ግን ከወትሮው ይበልጥ ሊግል ይችላል። 380 ቮልት ስሪ ፌዝ ከሆነ ደግሞ የሞተር መቀየሪያ ዋጋ ከሂሳቡ ላይ ቀንሱ። ግማሽ ወይም ሦስት ሩብ የፈረስ ጉልበት ያለው ሲንግል ፌዝ ሞተር ይበቃዋል።

ሲነሳ እያቃሰተ ካልዞረ ቶሎ አጥፉት። ብዙ ጊዜ ካፓሲተሩ ነው የደከመው፤ ርካሽ ጥገና ነው። የተቃጠለ ሽታ ካለው ግን መጠምጠሚያው ነድዷል፤ በዚያ ልክ ተከራከሩ።

ለደሴ ሰው አንድ ተጨማሪ ነገር። የሞተሮች ጉልበት በአብዛኛው የሚተመነው እስከ 1000 ሜትር ከፍታ ላለ ቦታ ነው። ደሴ 2500 ሜትር ገደማ ላይ ናት። አየሩ ስስ ስለሆነ ሞተሩን የማቀዝቀዝ አቅሙ ያንሳል። ብርዳችን ይክሰዋል፤ ቢሆንም ጉልበቱ በጭንቅ የሚበቃውን ሞተር አትምረጡ፤ የአየር መሳቢያውንም አቧራ አጽዱ።

ዋናው ምርመራ የጥርስ ሳጥኑ ነው። መብራቱን ነቅላችሁ ክዳኑን ክፈቱ። ውስጡ ጠመዝማዛ የብረት ዘንግ የነሐስ ጥርስ ያዞራል። የነሐሱ ጥርሶች ጫፋቸው ሹል ሆኖ ከቀጠነ አልቋል። ዘይቱ ውስጥ ቢጫ የሚያብለጨልጭ ብናኝ መጠነኛ ከሆነ አትደንግጡ፤ ቁራጭ ነሐስ ካለ ግን ተዉት። ከዚያ ስለቱን አውጥታችሁ ነጂውን ቸርኬ በእጅ ያዙ። በመዞሪያው አቅጣጫ ትንሽ ልል ቢል የወትሮ ነው። ወደ ጎን ቢወዛወዝ ኩሽኔታው ሄዷል።

ክንዱ ከማሽኑ አካል ጋር የሚገናኝበትን ማጠፊያም ፈትሹ። ክንዱን ግማሽ አንስታችሁ ወደ ግራና ቀኝ ግፉት። የሚንቋቋ ከሆነ ምንም ብታስተካክሉ ቀጥ አይቆርጥም፤ ቶርኖ ቤት ወስዶ አዲስ ቡሽ ማስቆረጥ ያስፈልጋል። ክንዱ ራሱ ተሰንጥቆ የተበየደ ከሆነ አትግዙት። የዝገት ቀለም፣ የጠፋ ክዳን፣ የተላላጠ ቺንጋ፣ የሞተ ስለት፣ ስለቱን ቀጥ አድርጎ የሚይዘው መሪ ኩሽኔታ መጮኹ፣ እነዚህ ሁሉ ዋጋ መቀነሻ ናቸው እንጂ መመለሻ ምክንያት አይደሉም። አካሉ፣ የጥርስ ሳጥኑና ቸርኬዎቹ ደህና ከሆኑ ማሽኑ ደህና ነው።

ሲጫን ክንዱን ዝቅ አድርጋችሁ በገመድ እሰሩ፤ በክንዱ ይዛችሁ ግን አታንሱት። ከኮምቦልቻ ወደ ደሴ የሐረጎ መንገድ ጠመዝማዛ ነው። የላሜራ እግሩን ፈትታችሁ አካሉን ወለል ላይ አስተኙት።

ማስተካከያው

ከዚህ በኋላ ያለው ሁሉ ሶኬቱ ተነቅሎ የሚሠራ ነው። ስለቱን ስታወጡና ስትከቱ ጓንት አድርጉ፤ ማሽኑ ሲዞር ግን ጓንት አውልቁ፣ መነጽር አድርጉ።

*1. ዘይትና እግር።* አሮጌውን የሳጥን ዘይት አውጡ፣ በነጭ ጋዝ እጠቡ፣ አድርቁ። የሚገባው 90 የሚባለው የካምቢዮ ዘይት ነው። ስትገዙ ጂኤል-4 የሚል ፈልጉ፤ በጂኤል-5 ውስጥ ያለው ድኝ ያለበት ቅመም ነሐስን ሊበላ ይችላል። አብሮት የመጣው የላሜራ እግር ብዙ ጊዜ ይንቀጠቀጣል። ከአንግል ብረት ወይም ከቱቦላሬ አዲስ መቆሚያ በይዱለት። የብረት ሠራተኛ ነን፤ ይህን የሚያህል ነገር መቆጠብ የለብንም።

*2. አዲስ ስለት።* በሞተ ስለት ማስተካከል ከንቱ ድካም ነው። በአንድ ጎኑ ጥርሱ የደነዘ ስለት ወደ ደህናው ጎን ይሸሻል፤ የትኛውም ብሎን አይመልሰውም። የአሮጌው ስለት ርዝመት ካልታወቀ ስለቱን የሚወጥረውን የማጥበቂያ ብሎን መሃል ላይ አቁማችሁ ለኩ። የሁለቱን ቸርኬ መሃል ለመሃል ርቀት በ2 አባዙ፣ የአንዱን ቸርኬ ዲያሜትር (በመሃሉ አልፎ ከዳር እስከ ዳር ያለውን) በ3.14 አባዝታችሁ ጨምሩበት። ለምሳሌ 525 ሚሊ ርቀትና 187 ሚሊ ቸርኬ 1637 ይሰጣል፤ ይህ የ1638ቱ ስለት ነው።

ጥርሱ ወደ ሥራው፣ ማለትም ወደ ታች፣ ይዞር። የታችኛው የስለት መስመር ወደ ሞተሩ በኩል ነው የሚጎተተው፤ የጥርሱ አፍም ወደዚያው ይመልከት። ተገልብጦ ከመጣ ቀለበቱን ውስጡን ወደ ውጭ ገልብጡት።

*3. የስለቱ መንገድ።* መሪ ኩሽኔታዎቹን አላልታችሁ ከስለቱ አርቋቸው። በዚህ ደረጃ ስለቱን ሊይዙት የሚገባው ሁለቱ ቸርኬዎች ብቻ ናቸው። ብዙ ሰው የሚሳሳተው እዚህ ነው፤ ኩሽኔታው ስለቱን በግድ ይዞት ሳለ ቸርኬውን ያስተካክላል። ስለቱን በመጠኑ አጥብቁና የሞተሩን ቺንጋ በእጅ እየጎተታችሁ አዙሩት። ቸርኬውን ራሱን ለማዞር አትታገሉ፤ የጥርስ ሳጥኑ ወደ ኋላ አያስዞርም።

የስለቱ ጀርባ ወደ ቸርኬው ከንፈር ተጠግቶ፣ ግን ሳያሽው መሄድ አለበት። ከንፈሩን ካሸ ስለቱ ጀርባው ይሳሳል፣ ይሰነጠቃል። ከራቀ ደግሞ ይወልቃል። ከተከታዩ፣ ማለትም ሞተሩ ከማያዞረው፣ ቸርኬ ጀርባ የማዘንበያ ብሎን አለች። ማጥበቂያውን ትንሽ አላሉ፣ ብሎኗን በሩብ ዙር አዙሩ፣ መልሳችሁ አጥብቁ፣ እንደገና በእጅ አዙራችሁ እዩ። ትዕግሥት የሚፈልገው ይህ ነው። መስመሩን ሲይዝ ማጥበቂያውን በእጃችሁ አቅም ጨርሳችሁ አጥብቁ። ከዚያ አንዴ ደግማችሁ እዩት፤ ሲጠብቅ ትንሽ ይንሸራተታል።

*4. መሪ ኩሽኔታዎች።* የመቁረጡ ጥራት ያለው እዚህ ላይ ነው። በሁለቱም በኩል ስለቱን ከጎንና ከጎን የሚይዙ ኩሽኔታዎችና ከጀርባ የሚደግፍ አንድ አለ። በጣት ስታዞሯቸው የሚንገራገጭ ካለ ቀይሩት። ቁጥሩ ጠርዙ ላይ ተቀርጿል፤ ይዛችሁ መለዋወጫ ቤት ሂዱ። የጎማ ክዳን ያለውን ምረጡ፤ ፍቅፋቂ አያስገባም።

ከጎኖቹ አንዱ ቋሚ ነው፤ ሌላው ከመሃሉ ወጣ ባለ ዘንግ ላይ የተተከለ ስለሆነ ሲዞር ይጠጋል ወይም ይርቃል። መጀመሪያ ቋሚው ስለቱን ሳይገፋው እንዲነካው አድርጉ። ከዚያ ሌላውን አዙራችሁ አስጠጉ። በትክክል ከተያዘ ኩሽኔታውን በጣት ስታዞሩት ስለቱ ላይ በመጠኑ ይጎተታል፤ ፈጽሞ ካልዞረ ጠብቋል፣ ያለ ምንም ስሜት ከዞረ ላልቷል። የጀርባው ኩሽኔታ ደግሞ ስለቱ ባዶ ሲዞር ሊነካው ምንም ያልቀረው ይሁን። ብረት ውስጥ ሲገባ ስለቱ ወደ ኋላ ተገፍቶ ያርፍበታል።

መሪዎቹን የተሸከሙት ሁለት እጆች ወደ ግራና ቀኝ ይንሸራተታሉ። የሚቆረጠውን ብረት እስኪነኩት ድረስ ሳይሆን ሊነኩት እስኪቃረቡ አስጠጓቸው። 40 ሚሊ ቱቦላሬ እየቆረጡ እጆቹን 150 ሚሊ አራርቆ መተው ስለቱ መሃል ላይ እንዲታጠፍ መፍቀድ ነው። ብረቱ በተቀየረ ቁጥር ይህን ቀይሩ። ያለ ምንም ወጪ የሚገኝ ትልቁ ለውጥ ይህ ነው።

*5. ቀጥታው።* ክንዱን አውርዱ። ስኳድራውን የሞርሳው ወለል ላይ አቁማችሁ ከስለቱ ጎን ጋር አገናኙ። ስኳድራው ጥርስ ላይ እንዳያርፍ ተጠንቀቁ፤ ጥርሶቹ ወደ ጎን ስለተፈነገሉ ያታልሏችኋል። ስለቱ ካዘነበለ የሁለቱንም መሪ ብሎን አላልታችሁ በእኩል መጠን አዙሯቸው። አንዱን ብቻ ብታዞሩ ስለቱ ይጠመዘዛል። ቀጥሎ የሞርሳውን የማይንቀሳቀስ መንጋጋ ከስለቱ ጋር 90 ዲግሪ አድርጉና እሰሩት።

አሁን ሞክሩት። 50 ሚሊ ድፍን ክብ ብረት እሰሩ፣ ላይኛውን ጎኑን በጠመኔ ምልክት አድርጉ፣ ጫፉን ቁረጡ። ከዚያ ብረቱን ምልክቱ ወደ ታች እስኪመጣ ግማሽ ዙር አዙሩትና 6 ሚሊ የሚሆን ሳህን ቁረጡ። ማዞሩን አትዝለሉት። ሳታዞሩ ብትቆርጡ ሁለቱም ፊት እኩል ስለሚያዘነብሉ ሳህኑ ፍጹም እኩል መስሎ ይወጣል፤ ስሕተቱ ይደበቃል። ስታዞሩት ግን ስሕተቱ እጥፍ ሆኖ ይታያል።

ሳህኑን በካሊፐር አራት ቦታ ለኩ። ላይና ታች ከተለያየ መሪዎቹ ናቸው ያዘነበሉት። ግራና ቀኝ ከተለያየ ሞርሳው ነው። በአንዱ ጫፍ 6.0፣ በሌላው 6.6 ካለ እውነተኛው ስሕተት ግማሹ፣ ማለትም በ50 ሚሊ ላይ 0.3 ነው። ለበርና ለመስኮት ፍሬም ይህ ይበቃል። የማሽን አካል ለሚሠራ ግን ተመልሶ ማስተካከል ነው።

*6. የክንዱ ጫና።* ክንዱን ወደ ላይ የሚስበው ሞላ ጫናውን ይወስናል። ሞላው ሲጠብቅ ጫናው ይቀንሳል። ልኩን ፍቅፋቂው ይነግራችኋል። እንደ ዱቄት የደቀቀ ከሆነ ጫናው አንሷል፤ ጥርሱ እየቆረጠ ሳይሆን እያሸ ነው፣ ቶሎም ይደነዝዛል። ሰማያዊ ሆኖ የሚያጨስ ከሆነ ጫናው ወይም ፍጥነቱ በዝቷል። ልል ብሎ የተጠቀለለና የራሱን የብረት ቀለም የያዘ ሲወጣ ተዉት።

*7. ማብሪያ ማጥፊያው።* መብራት ሲሄድ ማሽኑ ብረት መሃል ላይ ይቆማል። ማብሪያው ግን እንደበራ ነው። መብራት ድንገት ሲመለስ የእናንተ እጅ የት እንዳለ ማሽኑ አያውቅም። ስለዚህ መብራት ሲቋረጥ ራሱን የሚያጠፋና ካልተጫነ በቀር የማይነሳ ኮንታክተር ያለው ማብሪያ አስገጥሙ። ኤሌክትሪክ ዕቃ መሸጫ ውስጥ ይገኛል። የመሬት ሽቦውንም ከአካሉ ጋር እሰሩ። ቆርጦ ሲጨርስ ክንዱ ማብሪያውን መትቶ የሚያጠፋበት ምላስ ካለም እንደሚሠራ አረጋግጡ።

ጥርስና ፍጥነት

መሠረቱ አንድ ነው፦ ምንጊዜም ቢያንስ ሦስት ጥርስ ብረቱ ውስጥ ይኑር። በኢንች 14 ጥርስ ያለው ስለት ሦስት ጥርሱ 5.4 ሚሊ ይይዛል። በኢንች 24 የሆነው 3.2 ሚሊ። ለድፍን ብረት 10 ወይም 14፣ ለቱቦላሬና ለአንግል 18 ወይም 24 ያዙ። እዚህ የምንሠራበት ቱቦላሬ ብዙ ጊዜ ከ2 ሚሊ በታች ነው፤ ሦስት ጥርስ አይሞላም። ስለዚህ ደቃቁን ጥርስ ያዙና ጫናውን ቀንሱ። አንግል ብረትን እንደ ጎጆ ጣሪያ ጫፉን ወደ ላይ አድርጋችሁ እሰሩት። ጠፍጣፋ ብረትን አስተኝታችሁ ቁረጡት፤ ጥርሱ ሰፊ ቦታ ያገኛል። ከተገኘ ባይሜታል ስለት ግዙ፤ ከተራው የካርቦን ስለት ብዙ እጥፍ ይቆያል።

ቺንጋው ሦስት ደረጃ አለው። በ50 ኸርዝ የሚሠራው 4 በ6 በደቂቃ 20፣ 29 እና 50 ሜትር ገደማ ይሮጣል። ዝቅተኛው ለጠንካራ ብረትና ለስቴንለስ፣ መካከለኛው ለተራ ብረት፣ ከፍተኛው ለአልሙኒየምና ለስላሳ ነሐስ ነው። የእናንተን ለማወቅ ቸርኬው ላይ በጠመኔ ምልክት አድርጉና በደቂቃ ስንት ጊዜ እንደሚዞር ቁጠሩ። 187 ሚሊ ቸርኬ በደቂቃ 50 ጊዜ ከዞረ 29 ሜትር ነው።

ማቀዝቀዣ ከፈለጋችሁ በውኃ የሚሟማውን የመቁረጫ ዘይት 1 ለ10 በጥብጡ። ቀልጦ የተሠራ ብረት፣ ማለትም ጊዛ፣ በደረቁ ነው የሚቆረጠው። የተቃጠለ የሞተር ዘይት የሚያፈሱ አሉ። አታድርጉት። ለቆዳም ለሳንባም ጎጂ ነው፣ ለስለቱም አይጠቅምም።

አዲስ ስለት የመጀመሪያዎቹን ጥቂት ቁርጦች በግማሽ ጫና ይቁረጥ። የጥርሱ ጫፍ በጣም ስል ስለሆነ ከመጀመሪያው ከጫናችሁት ይሰበራል። ከጥቂት ቁርጥ በኋላ ይለጠጣልና ማጥበቂያውን እንደገና ሞክሩ። ስለት መሃል ላይ ቢበጠስ አዲሱን በአሮጌው ስንጥቅ ውስጥ አታስገቡት፤ አዲሱ ወፍራም ስለሆነ ይነክሳል። ብረቱን ገልብጣችሁ ከሌላ ጎን ጀምሩ። ሥራ ሲያልቅ ፍቅፋቂውን ከቸርኬውና ከመሪዎቹ በብሩሽ ጥረጉ፤ ለቀናት የማትሠሩበት ከሆነ ስለቱን አላሉት።